ነጋሪቱ የሚጎሰመው ለማን ነው?

ድሮ አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። ሕጉ ጥሩም ይሁን ክፉ፣ ማሰማቱ የአዋጁ ባለቤት ሥራ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። ስሙ ቀጠለ፣ ጉሰማው ቀረ። ዛሬ አዋጅ ይጸድቃል፣ መመሪያ ይወጣል፣ ሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ውሳኔ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሕጉን ፈልጎ ማግኘት የጠበቃውና የባለጉዳዩ ዕዳ ሆኗል።

«ይህ የጠበቆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቤት የገዛ፣ ከሥራ የተሰናበተ፣ ውርስ የሚካፈል፣ ግብር የበዛበት፣ ልጁን ለማሳደግ የሚከራከር ሁሉ ያገባዋል። ጠበቃ ሕጉን የሚያይበት ቦታ ሲያጣ የሚሸነፈው ጠበቃው አይደለም። እሱ አበሉን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መዝገብ ይሄዳል። ቤቱን የሚለቀው ደንበኛው ነው።

ነገሩ ከሕጉ ከራሱ ይጀምራል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በጋዜጣው የወጣን ሕግ ማንኛውም የፌዴራልና የክልል አካል፣ ማንኛውም ሰውም ጭምር የመቀበል ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ደግሞ ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ደንብ በየአገሩ አለ፤ ያለሱ ፍርድ ቤት ሊሠራ አይችልም። ሆኖም ደንቡ ፍትሐዊ የሚሆነው ሕጉ ለፈለገው ሰው በሚገኝበት ቦታ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ነጋሪቱን ሳይጎስሙ «ለምን አልሰማህም» ብሎ መቅጣት ሌላ ስም አለው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። እንበል ኮምቦልቻ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ቀርተሻል ተብላ ተሰናበተች። ወደ ሥራ ልመለስ ብላ ለመክሰስ ያላት ጊዜ 3 ወር ነው። ካለፈ ይርጋ ያግደዋል። ጠበቃ ስታፈላልግና ገንዘብ ስታሰባስብ ግማሹ አለቀ። ጠበቃው ስልኩ ላይ ካከማቸው ፋይል ውስጥ ስለ ከሥራ መቅረት የተሰጠ አንድ የሰበር ውሳኔ አገኘና ደስ አለው። ውሳኔው የተሰጠው ግን በቀድሞው የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚያ አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው በተከታታይ 5 የሥራ ቀናት፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ 10፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ 30 የሥራ ቀናት መቅረት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንን ለውጦታል። አሁን የሚታየው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀናት መቅረት ነው፤ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ከሆነ። ጠበቃው «ቀኖቹ ተከታታይ አይደሉም» ብሎ ይከራከራል። ፋብሪካው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል ወይ የሚለውን፣ ሴትዮዋን ወደ ሥራዋ ሊመልሳት ይችል የነበረውን ጥያቄ ግን አላነሳውም።

ይህን ጠበቃ ሰነፍ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ምናልባትም ሰነፍ ነው። ግን ትጉ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? በየትኛው መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ የትኛውን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «ይህ ውሳኔ አሁንም ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር? በስንቱ ፍርድ ቤት ነው «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ክፍል ያረጀ ወንበርና የተዘጋ መዝገብ ሳይሆን መጽሐፍ የሚገኝበት?

የችግሩ እምብርት ሰበር ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ አደረገ። በ2013 የወጣው አዲሱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ቀጥሎበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኢትዮጵያ ሕግ ማለት ነጋሪት ጋዜጣ ብቻ መሆኑ ቀረ። የአንቀጹን ትርጉም ለማወቅ አንቀጹን ማንበብ አይበቃም፤ አምስት ዳኞች ምን እንዳሉበት ማወቅ ያስፈልጋል። ያው የ1997 አዋጅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስገዳጅ ትርጉም የያዙ ውሳኔዎችን አሳትሞ እንዲያሰራጭም ግዴታ ጥሎበት ነበር። ማስገደዱ በየችሎቱ ሲሠራ ማሰራጨቱ እያነከሰ መጣ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። ከ20 በላይ የሰበር ውሳኔ ቅጾች ወጥተዋል፤ እነሱ ባይኖሩ ይህን ክርክር ማንሳትም አይቻልም ነበር። ነገር ግን ቅጹ የሚወጣው ውሳኔው ከተሰጠ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሚታተሙትም ተመርጠው ነው። በመሃሉ ያለው ጊዜ ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ሳያውቅ ተቃራኒውን ይፈርዳል፤ ከዚያ ይግባኝ፣ ከዚያ ሰበር፣ ከዚያ «በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል አስገዳጅ ትርጉም ተሰጥቶበታል» ተብሎ መሻር። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። የመዝገብ መብዛት ችሎቶችን አጨናንቋል ብሎ በየዓመቱ የሚያማርር ተቋም ከጭንቅንቁ ስንቱ ራሱ ካላሰራጨው ወረቀት እንደሚመጣ ቢቆጥር መልካም ነው።

የቤት ሽያጭ ውል ታሪክ ለሁሉም ትምህርት ሊሆን በተገባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ ሥርዓት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል ሕጋዊ ውጤት የለውም የሚል አቋም ያዘ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ተዋዋዮቹ ውሉ መኖሩን ባልካዱበት ጉዳይ ከዚህ የተለየ አቋም ወሰደ። ችሎቱ አቋሙን የመለወጥ ሥልጣን አለው፤ በዚህ አይወቀስም። ወቀሳው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ በእጁ ያለ፣ ሁለተኛው ግን ያልደረሰው ጠበቃ ደንበኛውን «ውልህ ፈራሽ ነው፣ ገንዘብህን ይመልሱልህና ተስማማ» ብሎ ሊመክር ይችላል። ዋጋው በጨመረ ከተማ ውስጥ ያ ምክር የአንድ ቤተሰብን ዕድሜ ልክ ቁጠባ ይበላል። በሌላው ዓለም አንድ ውሳኔ አሁንም የጸና ይሁን የተሻረ የሚያሳይ መዝገብ የሕግ ቤተ መጻሕፍት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እዚህ ያ ሥራ ለጠበቃው ትውስታና ለጓደኞቹ ስልክ ተትቷል።

ይህ ሁኔታ ሁሉንም እኩል አይጎዳም፤ ጥቂቶችንም ይጠቅማል። ትልቅ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች የሕግ ክፍል አላቸው፤ ሰበር ፊት የሚቆሙትም ደጋግመው ነው። ያሸነፉበትን ውሳኔ ግልባጭ ወስደው ፋይል ያደርጋሉ። በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ጉዳይ ከአንድ ተራ ሰው ጋር ሲከራከሩ ያንን ያልታተመ ውሳኔ ከቦርሳቸው መዘው ያቀርባሉ። ያ ተራ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው፤ ተቃዋሚው የሚያውቀውን ሕግ እሱ የሚያየው የተፈረደበት ዕለት ነው። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ሲባል ቢያንስ ሁሉም ያው ሕግ በእጁ ሊኖር ይገባል።

በዚህ ላይ ነባር ጠበቆችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። «ፋይሌ» የሚል ቃል በሙያው ውስጥ እንደ ርስት ይጠራል። በ20 እና በ30 ዓመት የተሰበሰበ የውሳኔ ክምችት ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጀማሪው ጠበቃ የሚያየው ተላላኪ ሆኖ ሲያገለግል ነው፣ ያውም ከታመነ። ሙያን ማሳደግ የሚባለው ነገር በብዙ ቢሮዎች ውስጥ የሕዝብ ሰነድ በመቆለፍ የሚገኝ ብልጫ ሆኗል። ጎበዝ ጠበቃ ሕጉ በሁሉም እጅ እያለም ያሸንፋል፤ ሕጉ ሲገለጥ የሚፈራው ሌላው ነው።

መንግሥት የተወውን ክፍተት ሌሎች ሞልተውታል። ልደታ አካባቢ ላለ ጠበቃ እውነተኛው የሕግ ቤተ መጻሕፍት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ አዋጁም፣ የሰበር ቅጹም፣ የክስ ማመልከቻ ናሙናውም በገጽ ዋጋ እዚያ ይገኛል። አቢሲኒያ ሎው እና ቺሎትን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ሕጎችንና ውሳኔዎችን በነጻ ለሕዝብ አድርሰዋል። የቴሌግራም ቻናሎች አዲስ አዋጅ ቀለሙ ሳይደርቅ ይለጥፋሉ። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ግን ምስጋናው እፍረት አለበት። አገር የሚገዛበት ሕግ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የሚቆመው እስከ መቼ ነው? የቻናሉ ባለቤት ነገ ቢታመም፣ ቢሰደድ፣ ወይም ስልኩ ቢሰረቅ ማህደሩ ምን ይሆናል? ደግሞስ የተለጠፈው ፒዲኤፍ የጸደቀው ሕግ ይሁን ለውይይት የቀረበው ረቂቅ ማን ያረጋግጣል? ረቂቅን እንደ ሕግ እያጋሩ መከራከር በየግሩፑ የሚታይ ነገር ነው።

«ሁሉም ነገር ኦንላይን አለ» የሚለው መልስ መቅረቡ አይቀርም፤ በተለይ ቢሮው ኢንተርኔት ካለው ባለሥልጣን። ፒዲኤፍ መኖሩ ቤተ መጻሕፍት መኖሩ አይደለም። ከተለጠፉት አዋጆች ብዙዎቹ ወረቀቱ ስካን የተደረገባቸው ምስሎች ናቸው፤ ቃል ቢፈለግባቸው አይገኝም። ሌሎቹ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የቆዩ ፊደሎች የተጻፉ ስለሆኑ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ማመልከቻ ላይ ለመለጠፍ ሲሞከር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይወጣል። በትክክለኛ ፊደል የተጻፈው እንኳ «ፍርድ ቤት» ብሎ ለፈለገ «ፍ/ቤት» የሚለውን አያመጣለትም፤ «ሥልጣን» ብሎ የፈለገ «ስልጣን» የሚለው ያመልጠዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይርጋው ነገ በሚያልፍ መዝገብ ላይ ሌሊቱን ለሚያነብ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ አለ ወይ? በትግራይ በጦርነቱ ዘመን ግንኙነት ተቋርጦ ከርሟል። በአማራ ክልልም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ይታሰራል፣ ንብረት ይያዛል፣ ችሎት ባለበት ችሎት ያስችላል። ሕግ የሚያስፈልግበት ቀን ኢንተርኔት ከሚዘጋበት ቀን ጋር የመገጣጠም ልማድ አለው። ስለዚህ የታተመው ቅጽ፣ መደርደሪያውና ወንበሩ የድሮ ናፍቆት አይደሉም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፈታዋል ብለው የሚያስቡም አሉ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አንድ የፌዴራል ዳኛ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ውስጥ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውን የሌሉ ውሳኔዎች በጠቀሱ ጠበቆችና በድርጅታቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። ይህ ታሪክ አዲስ አበባም ብዙ ተሳቀበት። ግን የታሪኩ ዋና ነገር ተዘለለ። ውሸቱ የተያዘው ተቃራኒው ወገንና ፍርድ ቤቱ የተጠቀሱትን ውሳኔዎች ፈልገው ስላጧቸው ነው። እዚያ አንድ ውሳኔ ሲታጣ የለም ማለት ነው። እዚህ አንድ ጠበቃ የሌለ የሰበር መዝገብ ቁጥር ጠቅሶ ጎዴ ወይም ጂንካ ላይ ቢከራከር፣ ዳኛው ፈልጎ ሲያጣው «የለም» ይበል ወይስ «እኔ ዘንድ አልደረሰም»? ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት እንኳ የተሟላ መዝገብ ይፈልጋል። ደግሞ መሣሪያው የሰበር ውሳኔዎችን ከየት አንብቦ ነው በትክክል የሚመልሰው? ከስካኑ ምስል ነው ወይስ ከተቆለፈው ቁም ሳጥን?

አገሪቱ ይህን ሥራ አታውቀውም ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ገና ዳዴ ሲል የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትን ማሳተም ጀመረ፤ መጽሔቱም የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን እየመረጠ ያወጣ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ በየጋዜጣው ተበትነው የነበሩ ሕጎች ከነማሻሻያቸው በአንድ ላይ ተጠቃለው ታትመዋል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፣ በጽሕፈት መኪናና በካርድ ማውጫ። ዛሬ አንድ አዋጅ አምስት ጊዜ ይሻሻልና እያንዳንዱ ማሻሻያ «አንቀጽ ይህን ያህል ንዑስ አንቀጽ ይህን ያህል ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ብሎ ብቻውን ይወጣል። ሙሉውን የሚገጣጥመው እያንዳንዱ ጠበቃና ዳኛ በየቤቱ፣ በእርሳስና በማጣበቂያ ነው። አንዱ የገጣጠመው ከሌላው ቢለይ የሚዳኝ የለም።

ጎረቤት ኬንያ ይህን በተቋም ፈትታዋለች። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሕግ ሪፖርት ብሔራዊ ምክር ቤት የአገሪቱን ሕጎችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ሰብስቦ፣ አርሞና አጠቃሎ በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል። ኬንያ በነዳጅ ያበደች ሀብታም አገር አይደለችም፤ ሥራውን የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አድርጋ ስለሰጠችው ነው። በነገራችን ላይ በእነዚያ ገጾች ላይ አንድን የኬንያ ውሳኔ ማግኘት አንድን የአዲስ አበባ ውሳኔ ከማግኘት የቀለለበት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብዙ ነው።

የገንዘቡን ጥያቄ ደግሞ ካሊፎርኒያ ከመለሰችው ቆይቷል። በግዛቱ ያሉ ካውንቲዎች የሕግ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፤ ዋናው የገቢ ምንጫቸው ከሳሽ የፍትሐ ብሔር ክስ ሲያስገባ ከሚከፍለው የመዝገብ ክፍያ ላይ የምትቆረጥ ትንሽ ድርሻ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ለጠበቃም ለተራ ሰውም ክፍት ናቸው። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ታክሲ ነጂ ከቤት አከራዩ ጋር ቢጣላ ጎራ ብሎ የሚመለከተውን ሕግ የሚያሳየው ሰው ያገኛል። የአዲስ አበባ ዘመዱ በዚያው ዓይነት ጠብ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው።

በኢትዮጵያም ባለጉዳይ የዳኝነት ይከፍላል፤ በክሱ ግምት ልክ፣ አንዳንዴ ወገብ የሚያጎብጥ። ከዚያ ላይ እጅግ ትንሽ እጅ ለሕግ ቤተ መጻሕፍት ቢመደብ ባለጉዳዩ በከፈለው ገንዘብ የሚፈረድበትን ሕግ አየ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ተገቢ ወጪ ይገኛል?

የቅጂ መብት የሚል ሰበብም አይሠራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሕግ፣ የአስተዳደርና የፍርድ ነክ ይፋ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሕግ የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ ማንም ሊያትመው፣ ሊያባዛው፣ ሊያሰራጨው ይችላል። ከልካይ ሕግ የለም። የጎደለው ይህን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ባለቤት ነው።

መመሪያዎች ላይ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እስኪወጣ ድረስ መሥሪያ ቤቶች በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ባለ መመሪያ ሰውን ይቀጡና ይከለክሉ ነበር። ያ አዋጅ መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ፣ ይህን ያላሟላ መመሪያ ተፈጻሚ እንዳይሆን ደነገገ። ድንቅ ሕግ ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄው ይህን ሕግ ስንቱ የመስኮት ሠራተኛ ሰምቷል የሚለው ሆነ። ባለጉዳይ «መመሪያው ይከለክላል» ሲባል «የምዝገባ ቁጥሩን ያሳዩኝ» የማለት መብት አለው፤ የሚያረጋግጥበት አንድ የታወቀ ቦታ ቢኖረው ያንን መብት ይጠቀምበት ነበር።

ታዲያ ከማን ይጠበቃል? ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ከፍትሕ ሚኒስቴር መጠበቁ ግልጽ ነው፤ ሕጉም የእነሱ ግዴታ አድርጎታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት እንዲከበር ያዘዘው ለጌጥ አይደለም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም አለ። ይህ እንደ ቀድሞዎቹ በፈቃድ የሚገባበት የሙያ ክበብ አይደለም፤ የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሁሉ አባሉ ነው። አባላቱ ተከታታይ የሕግ ሥልጠና እንዲወስዱ ይጠበቃል። ሥልጠና በዓመት ጥቂት ቀን በሆቴል አዳራሽ ፓወር ፖይንት ማየት ከሆነ ገንዘቡ ለሻይና ለብስኩት ይውላል። ጠበቃ የሚሠለጥነው በየቀኑ መዝገቡን ሲሠራ በሚያነበው ነው፤ የሚያነበው ከሌለ ግን አዳራሹ ምንም አያደርግለትም።

ማኅበሩ ሕንጻ እስኪሠራ መጠበቅ አይኖርበትም። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ አሉ፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ። መጽሐፉም መደርደሪያውም አላቸው፤ የሚያገለግሉት ግን በዋናነት የራሳቸውን ተማሪዎችና መምህራን ነው። ለጠበቃ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለወረዳ ዳኛ የሚሆን የንባብ መታወቂያ ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ስምምነትና አንድ ማኅተም ነው። ክልሎች የራሳቸውን ጋዜጣ ያወጣሉ፤ አማራ ዝክረ ሕግ፣ ኦሮሚያ መገለታ ኦሮሚያ ይሉታል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የወለጋ መሬት ጉዳይ የያዘ ጠበቃ የክልሉን አዋጅ ለማግኘት አውቶቡስ ተራ ሰው መላክ የለበትም። በየዩኒቨርሲቲው አንድ ቅጂ ከሁሉም ክልል ቢቀመጥ ወጪው ስንት ሊሆን ነው?

«ጠበቃ ሀብታም ነው፣ ራሱ ይግዛ» የሚለውን ክርክር የሚያነሳ ሰው ቦሌ ያሉትን ጥቂት ቢሮዎች ብቻ የሚያውቅ መሆን አለበት። ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቶ ፈቃድ ያወጣ ወጣት በአንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ ከሦስት ጓደኛ ጋር ኪራይ ተጋርቶ፣ የቀለብ ጉዳይና የሥራ ክርክር እየያዘ ነው የሚኖረው። ድሃው ደንበኛ የሚሄደው ደግሞ ወደዚህ ወጣት ነው። ስለዚህ ጠበቃው መጽሐፍ ይግዛ ማለት ዞሮ ዞሮ ድሃው ይክፈል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ግን ገንዘብም ሕንጻም አይጠይቅም። ፍርድ ቤቶች በክረምት እረፍት መደበኛ ችሎት ይዘጋሉ። በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቂት ረዳት ዳኞችንና አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስቀምጦ አንድ ሰንጠረዥ ሊያሠራ ይችላል። መዝገብ ቁጥር፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የተተረጎመው አንቀጽ፣ አንቀጹ ያለበት አዋጅ ዛሬ የጸና ነው ወይስ የተሻረ፣ ትርጉሙ በኋላ ተለውጦ ከሆነ የተለወጠበት መዝገብ ቁጥር። ስድስተኛ ዓምድ አያስፈልገውም። በ1997 ከወጣው አዋጅ ወዲህ ያለው ሁሉ በዚያ ውስጥ ገብቶ፣ ታትሞ ለየወረዳው ፍርድ ቤት አንዳንድ ቅጂ ተልኮ፣ በየወሩ አዲሱ ቢጨመርበት የኮምቦልቻዋ ሠራተኛ ጠበቃ ይርጋው ሳያልፍ በአንድ ከሰዓት ያነበው ነበር።